ትራማዶል፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

አዳማ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎ ሞጆ ወደሚገኘው ቤትዎ ሲመለሱ ከሚሰጡዎ መድኃኒቶች አንዱ ትራማዶል ሊሆን ይችላል። ትራማዶል ኦፒዮይድ ከሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች አንዱ ነው፤ ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ኮዴይንም የዚሁ ወገን ናቸው። በታዘዘው መሠረት ሲወሰድ ሕመምን ቀንሶ ለመተኛት፣ ለመሳልና ተነስቶ ለመራመድ ይረዳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ፈርተው ሕመሙን ችለው አይቀመጡ። አደጋው የሚመጣው መጠኑ ሲያልፍ ወይም ላልታዘዘለት ሰው ሲደርስ ነው፤ ትንፋሽን ያዘገያል፣ መንዘፍዘፍም ሊያስከትል ይችላል።

ይበልጥ የሚጎዳቸው እነማን ናቸው?

• ሕፃናት፦ ለአዋቂ የታዘዘ አንድ እንክብል ትንሽ ልጅን ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል። ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ትራማዶል አይሰጥም።
• የሚያጠቡ እናቶች፦ መድኃኒቱ ወደ ጡት ወተት ስለሚያልፍ በቀዶ ሕክምና ከወለዱ እንደሚያጠቡ ለሐኪሙ ይንገሩ።
• አረጋውያን፣ የሚጥል በሽታ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው
• ዳያዜፓም፣ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሴቲን የሚወስዱ

አወሳሰድ

ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ400 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 50 ሚሊግራም ከሆነ ከ8 እንክብል ማለፍ የለበትም። የእርስዎ ልክ ግን ማዘዣው ላይ ያለው ነው፤ ከዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል። አላስታገሰልኝም ብለው በራስዎ አይደርቡ። አረቄ፣ ጠላም ሆነ ቢራ አብረው አይጠጡ። እንቅልፍ ስለሚጥል መኪና አይንዱ፤ በተለይ ከደረቅ ወደቡ ጭነት የሚያመላልሱ ከሆነ ወደ ሥራ ከመመለስዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ለሳምንታት ከወሰዱት ደግሞ በድንገት አያቋርጡ።

አቀማመጥና የተረፈ መድኃኒት

ትራስ ሥር፣ ቴሌቪዥን አጠገብ ወይም ቦርሳ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ቆልፈው፣ ቆጥረው ይያዙ። ጎረቤት ወገቤን አመመኝ ቢልዎ አያካፍሉ፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ይምከሩት። የተረፈውን "ለሌላ ቀን" ብለው አያስቀሩ። የሚረከብዎ እንዳለ ፋርማሲ ይጠይቁ፤ ከሌለ ከቡና አተላ ጋር ቀላቅለው፣ በፌስታል አስረው፣ ልጆች በማይደርሱበት ቆሻሻ ውስጥ ይጣሉ።

አስቸኳይ ምልክቶች

• ሲቀሰቅሱት አለመንቃት
• የዘገየ ወይም የሚቆራረጥ ትንፋሽ፣ ያልተለመደ ማንኮራፋት
• የከንፈር መጥቆር፣ በጣም የጠበበ የዓይን ብሌን
• መንዘፍዘፍ

ከእነዚህ አንዱን ካዩ "ደክሞት ነው፣ ይተኛ" ብለው አይተዉት። በጎኑ ያስተኙት። ወተት አያጠጡ፣ አያስመልሱት። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ፤ ከዘገየ በባጃጅም ቢሆን በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ያድርሱት። አንድ ሰው አጠገቡ ሆኖ ትንፋሹን ይከታተል። የመድኃኒቱን ማሸጊያም ይያዙ፤ ምን እንደወሰደና ስንት እንደጎደለ ማወቅ ለሐኪሙ ጊዜ ያተርፋል።