ለሠርግ ወደ ቢቸናና ሞጣ የሚሄዱ እንግዶች ሊጎበኟቸው የሚችሉ ሥፍራዎች

ከጥምቀት በዓል ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት በምሥራቅ ጎጃም ዞን የሠርግ ዳስ የማይጣልበት ቀበሌ አይገኝም። በዚህ ወቅት ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳርና ከውጭ አገር ጭምር በርካታ ዘመድ ወዳጆች ወደ ቢቸናና ሞጣ ያቀናሉ። በሠርጉና በመልሱ መካከል ያለውን ጊዜ አብዛኛው እንግዳ በዳሱ ውስጥ ቢያሳልፈውም ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ ግራና ቀኝ የታሪክ፣ የሃይማኖትና የተፈጥሮ ቅርሶች ይገኙበታል።

ከአዲስ አበባ የሚነሳ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል። በበረሃው ግርጌ እ.ኤ.አ በ2008 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ደጀን ከደረሰ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይወስዳል።

ቢቸናና አካባቢዋ

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ አካባቢው አርበኛው በላይ ዘለቀ የፋሺስት ጣሊያንን ጦር የተፋለመበት ነው። በዚሁ ወረዳ የምትገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ጥንታዊ የቅኔ ትምህርት ማዕከል ናት። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ “ፍቅር እስከ መቃብር” ታሪክ ዋና ክፍል የሚፈጸመው በዲማ በመሆኑ መጽሐፉን ያነበበ እንግዳ ሥፍራውን በተለየ ስሜት ይመለከተዋል።

ከቢቸና ወደ ሰሜን ሲጓዙ ደብረ ወርቅ ማርያም ትገኛለች። ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ በመገንጠል የሚደረስባት መርጡለ ማርያም ደግሞ ትውፊት ከአብርሃና አጽብሐ ዘመን ጋር ያያይዛታል። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ሕንፃ ፍርስራሽና በጌጥ የተቀረጹ ድንጋዮቹ ጥበቃ የሚሹ ቅርሶች ናቸው።

ሞጣና ሰባራ ድልድይ

ሞጣ የተቆረቆረችው በሞጣ ጊዮርጊስ ዙሪያ ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከወይዘሮ ወለተ እስራኤል ጋር ተያይዞ ይነሳል። ሞጣና ቢቸና በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም የተቀሰቀሰው የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ማዕከላትም ነበሩ።

ከሞጣ ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ ይታያል። በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዱ ክፍሉ በመቆረጡ የጎጃምና የጎንደር ሰው ለገበያ፣ ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ የሚሻገረው በገመድ እየተጎተተ ነበር። እ.ኤ.አ በ2002 የተደረገለትን ጥገና ከሦስት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። እ.ኤ.አ በ2009 በአቅራቢያው የተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቷል። ቁልቁለቱ ረጅም፣ ሸለቆውም ሞቃት በመሆኑ ማለዳ መነሳትና በቂ ውኃ መያዝ ያስፈልጋል።

ከሞጣ በስተ ደቡብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ይገኛል። ለአባይ የሚገብሩ በርካታ ወንዞች የሚመነጩበት ይህ ተራራ በጅብራ ተክሉ ይታወቃል። ብርዱ ብርቱ ስለሆነ ጋቢና ወፍራም ልብስ መያዝ ይመከራል።

ለጎብኚዎች የሚሰጥ ምክር

በገዳማትና በአድባራት ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ ሴቶች እስከየት መግባት እንደሚፈቀድላቸውም አስቀድሞ መረዳት ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት መንገዶች በየጊዜው የሚዘጉበት ሁኔታ ስለነበረ፣ እንግዶች ከመነሳታቸው በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከደጋሹ ቤተሰብ ሊያጣሩ ይገባል። የአካባቢውን ተወላጅ መሪ አድርጎ መጓዝም መንገዱን ከማቅለል ባሻገር ለየሥፍራው ታሪክ ባለቤቱን ለማግኘት ይረዳል።