ሥሩስ?

የሉኪሚያን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ የሚከነክነኝ የበሽታው መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ዶክተር ሲድኒ ፋርበር በቦስተን፣ አሚኖፕቴሪን በተባለ መድኃኒት የታከሙ አንዳንድ ሕፃናት ለጊዜው እንደ ተሻላቸው አስታወቀ፤ ውሎ አድሮ ግን ሕመሙ አገረሸ። ስለምን?

በ1994 በቶሮንቶ አንድ ፍንጭ ተገኘ። የጆን ዲክ ቡድን ማየሎይድ ከተባለው የሉኪሚያ ዓይነት የተወሰዱ ሕዋሳትን ወደ አይጦች አዛወረ፤ በሽታውን ዳግም የሚያበቅለው ከ250,000 ሕዋሳት በግምት አንዱ ብቻ ሆነ። ይህ ግንድ ሕዋስ ራሱን እየተካ ሌሎቹን ያፈራል፤ ብዙ ጊዜም ሳይባዛ ስለሚያደባ፣ የሚባዙትን የሚያጭደው መድኃኒት ይስተዋል።

ሰርዶን ያጨደ ገበሬ ማሳው እንዳልጸዳ ያውቃል። እኔም «ደሙ ጸዳ» ሲባል ደስ እያለኝ፣ «ሥሩስ?» እላለሁ።