አንድ ሚሊሜትር ስንት ነው?

የዝናብ መለኪያ ሲነሳ ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ውሃ የሚቀበለው ጣሳ ነው፤ ከጎኑ የሚቀመጠውን፣ የሚሊሜትር ምልክት ያለበትን መለኪያ ብርጭቆ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ሥራውን ግን የሚጨርሰው ብርጭቆው ነው። የጣሳው አፍ ስፋት 200 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ 20 ሚሊሊትር ውሃ ይወጣዋል፤ 314 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ ደግሞ 31.4 ሚሊሊትር። ብርጭቆው ተሰብሮ ለአነስተኛው ጣሳ የተሠራ ብርጭቆ ከትልቁ ጣሳ ጋር ቢሰጥ፣ 10 ሚሊሜትር የዘነበው 15.7 ተብሎ ይመዘገባል። ጣሳው ደህና ነው፣ አንባቢውም በሰዓቱ ደርሷል፤ መዝገቡ ግን ለዓመታት ሲዋሽ ይኖራል። አሮጌ መሣሪያ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ የሚነሳው ጠብም በዚህ ብርጭቆ ይገለጣል፦ ሁለቱን የሚያጣላቸው ዕድሜያቸው ሳይሆን በመሃላቸው ያለው፣ ሳይጻፍ የቀረው የመለወጫ ስሌት ነው።

በአገራችን ዝናብን በመሣሪያ መለካት የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ሥራው ራሱን የቻለ ብሔራዊ መሥሪያ ቤት ያገኘው ግን በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነበር። በጉራጌ ምድርም የቸሃዋ እምድብር፣ ወልቂጤና ቡታጅራ በዝናብ መዝገቡ ስማቸው የሚገኝ ጣቢያዎች ናቸው። እንሰት ተክሎ በልግና ክረምትን እየጠበቀ ለሚኖር ሕዝብ ይህ መዝገብ ቅንጦት አይደለም፤ የዘንድሮው በልግ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት አንጻር ምን ያህል እንደራቀ የሚነግረው ዋናው ምስክር እሱ ነው። በእጅ ከሚለካው ጣሳ ቀጥሎ የመጣው ባለ ሰዓት ሞተር መዝጋቢ ነው። በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ወረቀት ይጠቀለላል፣ ተንሳፋፊው ከውሃው ጋር ብዕሩን ሽቅብ ይገፋል፣ 10 ሚሊሜትር ሲሞላ ውሃው ተመጦ ይወጣና ብዕሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ከዚያ ደግሞ ተገልባጭ ባልዲ ያለው መለኪያ ተከተለ፦ ሁለት ትናንሽ ማንኪያዎች እንደ ሚዛን ይወላወላሉ፣ አንዱ ሞልቶ በተገለበጠ ቁጥር ማግኔት አንድ የኤሌክትሪክ መቀያየሪያ ይዘጋል፣ ዳታ ሎገር የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መዝጋቢም አንድ ብሎ ይቆጥራል።

ብርጭቆው እዚህም አለ፤ መልኩን ብቻ ለውጧል። ባልዲው በ0.2 ሚሊሜትር የሚገለበጥ ሆኖ ሎገሩ ላይ 0.1 ተብሎ ከተሞላ የእምድብር ክረምት በወረቀት ላይ በግማሽ ይደርቃል። የመቀያየሪያው ብረት ሲገናኝ ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ፣ መንቀጥቀጡን የሚያጣራ ዑደት ከሌለ አንዱ መገልበጥ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። የቀኑ ድንበር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በእጅ የሚለካው ዝናብ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ሎገሩ ግን ቀኑን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊዘጋ ይችላል፣ ሰዓቱ በግሪንዊች ከተሞላ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ማታ ጀምሮ ሲያነጋ ያደረ ዝናብ በአንዱ መዝገብ የአንድ ቀን፣ በሌላው የሁለት ቀን ዝናብ ይሆናል። ይህን ሳያውቅ ሁለቱን መዝገብ የሚቀጥል ሰው የአየር ንብረት ለውጥ አገኘሁ ሊል ይችላል፤ ያገኘው ግን የሰዓት ለውጥ ነው።

ቤተ ሙከራዎችም ይህንኑ ፈተና አይተዋል። ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የመለኪያ መሣሪያን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ አዲስ ሶፍትዌር (ድራይቨር) ሲያወጣ የቀድሞውን «ነባር» ብሎ ለየው። የኩባንያው ነባር የምልክት ማስተካከያ ሞጁሎች ደካማውን የዳሳሽ ቮልቴጅ አጉልተውና አጣርተው ለኮምፒውተር የሚያቀብሉ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል የማጉያቸው መጠን ቦርዱ ላይ በሚሰካ ትንሽ ጃምፐር የሚወሰን ሞጁሎች ነበሩ። ጃምፐሩ የት እንደተሰካ ሶፍትዌሩ በራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ ሰው መንገር አለበት። ከወልቂጤ አጠገብ የሚለካው የዋቤ ወንዝም እንዲሁ ነው። በወንዙ ዳር የቆመው ምልክት ያለበት ዘንግ የሚሰጠው የውሃ ከፍታን ነው፤ ከፍታውን ወደ ፍሰት መጠን የሚቀይረው፣ ወንዙን በተለያየ ጊዜ በመለካት የተሠራ ስሌት ነው። አዲስ አውቶማቲክ ዳሳሽ ሲተከል የዘንጉ ዜሮ ከየትኛው ቋሚ ነጥብ እንደተነሳ ካልታወቀ ያ ስሌት ሊያገለግል አይችልም። ዋቤ ደግሞ ወደ ጊቤ ይገባል፣ ጊቤም 1,870 ሜጋ ዋት ወዳለው የጊቤ ሦስት ግድብ ይወርዳል፤ የዘንጉ ዜሮ የሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«ሁሉንም ጥሎ አዲስ መግዛት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። አዲስ መሣሪያ የነገን ዝናብ ይለካል፤ የ1977ቱን የድርቅ ዓመት ግን ተመልሶ አይለካም። የዓለም የአየር ንብረት ምልከታ መርሆዎች አሮጌውና አዲሱ ለበቂ ጊዜ ጎን ለጎን እንዲሠሩ የሚያዝዙት ለዚህ ነው። ሌላው ደግሞ «ሳተላይት እያለ ጣሳ ለምኔ?» ይላል። ሳተላይት የሚያየው በአብዛኛው የደመናውን ራስ ነው፤ መሬት የደረሰውን ውሃ የሚገምተው ከመሬት መለኪያ ጋር እየተመሳከረ ነው። ኢትዮጵያዊው ቱፋ ዲንቁ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹና ከአገራችን ሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር የሠራው ኢናክትስ የተባለው ሥራ ጥሩ ምስክር ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለውን የሳተላይት መረጃ ከጣቢያዎቹ መዝገብ ጋር አዋህዶ ጣቢያ የሌላቸውን ቦታዎች ጭምር ሸፈነ። የጣሳው መዝገብ ባይኖር ሳተላይቱ ስህተቱን የሚያርምለት አያገኝም ነበር።

ጠንካራው ተቃውሞ «አሮጌው መዝገብ ራሱ በስህተት የተሞላ ነው» የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ሳይለካ የታለፈ ቀን፣ በግምት የተሞላ ቁጥርም አይጠፋም። ይሁን እንጂ አዲሱም ንጹሕ አይደለም። ተገልባጭ ባልዲ በኃይለኛ ዝናብ ጊዜ ያሳንሳል፤ ባልዲው በሚገለበጥበት ቅጽበት የሚወርደው ውሃ ሳይቆጠር ያልፋልና። የታወቀ ስህተት ይታረማል፤ ያልታወቀውን የሚያርም የለም። ስለዚህ በየጣቢያው ከመሣሪያው ጋር አንድ ገጽ ይኑር፦ የጣሳው አፍ ስፋት፣ የባልዲው መጠን፣ የንባብ ሰዓት፣ የሎገሩ ሰዓት፣ መሣሪያው የተለወጠበት ቀን። በጉብሬ ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምራል፤ እምድብርም ከደጁ ብዙ አይርቅም። ተማሪዎቹ ሁለት ክረምት ጣሳውንና ሎገሩን ጎን ለጎን ቢያነብቡና ልዩነቱን ቢጽፉ ለቸሃ ገበሬ የሚተርፍ ሥራ ነው። ወጪውም አንድ ደብተርና አንድ ያልተሰበረ ብርጭቆ ነው።