ሳይቃጠል በቅጠል፦ የ80 ዓመት የጦር መኪና ዛሬም የሚሄደው ለምንድን ነው?

በየዓመቱ በጁን መጀመሪያ፣ በፈረንሳይ ኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ መንገዶች ላይ አረንጓዴ የተቀቡ አሮጌ የጦር መኪናዎች ተከታትለው ሲጓዙ ይታያሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ናቸው። ዛሬ ግን ብዙዎቹ የጦር ሠራዊት ንብረት አይደሉም፤ በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው፣ በገዛ ጊዜያቸው የሚጠግኗቸው ባለቤቶች አሏቸው።

ልምድ ያለው ሹፌር ለእረፍት ሲቆም ምን እንደሚያደርግ እስቲ ልብ በሉ። ከጋቢናው ይወርድና መኪናውን እየዞረ የእያንዳንዱን ጎማ መሐል በመዳፉ ይነካል። የሚፈልገው ሙቀት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ፣ ወይ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል፣ ወይ ኩሽኔታው ግራሶ አልቆበታል። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ በጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ ሠራዊት ለሹፌሮቹ ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ ያለ ነው። ሠራዊቱ ግን ጥቅሙን በሚገባ የተረዳው ብዙ መኪና ካበላሸ በኋላ ነው።

ሩጫው ሲበዛ

ጊዜው 1944 እ.ኤ.አ. ነው። የተባባሪዎቹ ጦር ከኖርማንዲ ወጥቶ ፈረንሳይን አቋርጦ ይገሰግሳል። ነዳጅ፣ ጥይትና ምግብ ግን ከኋላ ቀርቷል። የባቡር ሐዲዱንና ድልድዩን ጀርመኖች እንዳይጠቀሙበት ራሳቸው ተባባሪዎቹ አስቀድመው በቦምብ መትተውታል። የቀረው አማራጭ መኪና ብቻ ነበር።

ስለዚህ ኦገስት 25 ቀን «ሬድ ቦል ኤክስፕረስ» የተባለው የጭነት ጉዞ ተጀመረ። ከአራት ቀን በኋላ 5,958 መኪናዎች በአንድ ቀን 12,342 ቶን ጭነት አደረሱ። ከሹፌሮቹ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ በዘር በተከፋፈለ ሠራዊት ውስጥ እያገለገሉ ጦሩን ያንቀሳቀሱት እነሱ ናቸው። ዋናው መኪናቸው ከ500,000 በላይ የተመረተው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ጂኤምሲ ነበር።

ችግሩ ግን መኪናው እረፍት አላገኘም። ለ2.5 ቶን የተሠራው እጥፉን እንዲጭን ተፈቀደለት፤ ቀንና ሌሊት ሄደ። ባትሪ ውኃው ደረቀ፣ ብሎን ላላ፣ ዘይት ሳይቀየር ቀረ። ወታደሮች በመንገድ ዳር የጣሏቸው የምግብ ቆርቆሮዎች ጎማ ቀደዱ። በወር 29,000 ገደማ የነበረው የሚቀየር ጎማ በሴፕቴምበር ወደ 55,000 ገደማ አሻቀበ። አብዛኛው ብልሽት ደግሞ አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ሰጥቶ ቢያይ ኖሮ የማይደርስ ነበር። የኛ ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

ወታደርን በሥዕል ማስተማር

መመሪያው እኮ ቀድሞም ነበር። ሹፌሩ ከመነሳቱ በፊት፣ እየነዳ፣ ሲቆምና ሲመለስ ምን ማየት እንዳለበት ተጽፎለታል። ግን በጦርነት መሐል ወፍራም መጽሐፍ ማን ያነባል? ለዚህም ሠራዊቱ ዊል አይስነር የተባለውን የኮሚክ ሠዓሊ አሠራ። አይስነር «ጆ ዶፕ» የሚባል ዝርክርክ ወታደር ፈጠረ፤ ጆ የመኪናውን እንክብካቤ ሲረሳ የሚደርስበትን ጣጣ ያየ ወታደር እየሳቀ ይማራል። ከ1951 ጀምሮ ደግሞ ስለ ቅድመ ብልሽት ጥገና ብቻ የሚያወራ «ፒኤስ» የተባለ የሠራዊቱ መጽሔት መውጣት ጀመረ፤ አይስነርም እስከ 1971 ሠራበት።

ቆሞ የሚያረጅ መኪና

ታዲያ ዛሬ መኪናውን የያዘው ሰው ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ያኔ መኪና የሚሞተው በሩጫ ብዛት ነበር፤ አሁን ግን የሚሞተው በመቆም ነው። ጋራዥ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ «እያረፈ ነው» የምንለው መኪና ውስጥ ውስጡን ይበላል።

ፍሬኑን እንይ። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ መኪናው ባይነቃነቅም። ውኃው ብረቱን ያዝገዋል፤ የዘይቱንም የመፍላት ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ሹፌሩ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም! በጂኤምሲው ላይ ደግሞ የሁሉም ጎማዎች ፍሬን በአንድ የዘይት መስመር ላይ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ ሁሉም ይጠፋል፤ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ባዶውን 4 ቶን ገደማ ለሚመዝን መኪና ይህ ቀልድ አይደለም። አደጋው ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ላለው ሰው ሁሉ ነው።

ሞተሩም እንደዚያው ነው። ለአምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት እንክብካቤ ይመስላል፤ ግን ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የተፈጠረው ውኃ አይተንም፣ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ወይ በደንብ እስኪሞቅ መንዳት ነው፣ ወይ ጭራሽ አለማስነሳት። ጎማም ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ በዕድሜ ብቻ ይሰነጣጠቃል።

የሚገርመው፣ መፍትሔው እዚያው አሮጌው መመሪያ ውስጥ ነበር። ሠራዊቱ ዋናውን ምርመራ ያዘዘው በየ1,000 ማይል (1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ) ወይም በየወሩ ነው። በዓመት 300 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ኪሎ ሜትሩን ከጠበቀ ምርመራው የሚደርሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው! የሱ መለኪያ መሆን ያለበት የቀን መቁጠሪያው ነው። በየወሩ ዘይትና ውኃ ማየት፣ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ የፈሰሰ ነገር መፈለግ፣ ቺንጋና ብሎን መነካካት፤ የፍሬን ዘይቱን ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር።

እነዚያ የኖርማንዲ መኪናዎች ዛሬም የሚሄዱት ብረታቸው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ብረታቸው ያው የሆነ ብዙ መቶ ሺህ መኪናዎች ዝገው፣ ተቆራርጠው ቀርተዋል። የተረፉትን የለያቸው በየጊዜው ጎንበስ ብሎ የሚያያቸው ሰው ማግኘታቸው ነው።