ነብሩ በወረደ ጊዜ

"ወራጅ አለ!" የሚለውን ጥሪ አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታክሲው ይቆማል፤ ሰውየው ወርዶ መንገዱን ይቀጥላል። በእግር ኳስ ግን ወራጅ መሆን እንዲህ ቀላል አይደለም። ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ነገሩን "ኩሹሽዋ ዳራጃ" ይሉታል። "ዳራጃ" ከእኛው "ደረጃ" ጋር በድምፅም በፍችም ይገናኛል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ድልድይ ማለትም ነው። በትርጉም ሥራ ለምንተዳደር ሰዎች እንዲህ ያለ ቃል ሲገኝ ደስ ይላል። የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ግን ቃሉ ሳይሆን፣ ደረጃውን ያጣ አንድ የናይሮቢ ክለብ ታሪክ ነው። ክለብ ከከፍታው ሲወርድ ሳይፈርስ የሚቆየው በምን ይሆን? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤ.ኤፍ.ሲ. ሌፐርድስ በ1964 ኬንያ ነጻነቷን ባገኘች ማግስት ተመሠረተ። ሉያ የሚለው መጠሪያ ራሱ የብዙ ንዑሳን ወገኖች የጋራ ስም እንደ ሆነ ሁሉ፣ ክለቡም የእነዚሁ ወገኖች ትንንሽ ቡድኖች ተዋህደው ያቆሙት ነበር። ስሙም አባሉያ ተባለ። በ1966 እና በ1967 በተከታታይ የኬንያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1980 ገደማ መንግሥት ማኅበራትና ክለቦች የጎሣ ስም እንዳይዙ ባዘዘ ጊዜ አባሉያም ስሙን ለወጠ። ይሁንና "የአባሉያ እግር ኳስ ክለብ" ለሚለው የእንግሊዝኛ ስም መነሻ የነበሩትን ኤ፣ ኤፍ እና ሲ የተባሉ ፊደሎች አልተወም፤ "የእግር ኳሰኞች ሁሉ ኅብረት" የሚል አዲስ ፍች ሰጣቸው። ሌፐርድስ የሚለውም ተጨመረ፤ ነብሮች ማለት ነው። ደጋፊው ግን እስከ ዛሬ በሉያ ቋንቋ "ኢንግዌ" ይለዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የክብር ዘመኑ ናቸው። በ1982፣ በ1983 እና በ1984 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የክለቦች ዋንጫን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ግብ ጠባቂው ማሕሙድ አባስና የጥርስ ሐኪም የሆነው አጥቂ ጆ ማሲጋ የዚያ ትውልድ ልጆች ናቸው።

ውድቀቱ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1998 የሊጉን ዋንጫ ካነሣ ወዲህ በአመራሩ መካከል የሥልጣን ክርክር በረታ፤ ገንዘብም ሳሳ። የአገሪቱ ፌዴሬሽንም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ፊፋ ኬንያን በ2004፣ ከዚያም በ2006 አገዳት። በዚያው በ2006 ነብሩ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ትልቅ ስም ያለው የኪሲው ሻባናም በዚያ ዘመን የወረደ ነው።

የሚወርድ ክለብ ወዲያው ሦስት ነገሮችን መጋፈጥ አለበት። ጥሩ ተጫዋች ሌላ ክለብ ይፈልጋል። ስፖንሰር ጨዋታው በቴሌቪዥን ካልታየ ገንዘቡን ይሰበስባል። ሦስተኛውና ዋነኛው ደግሞ፣ በትንሽ ከተማ ሜዳ ላይ ስም ከሌለው ቡድን ጋር ሲጫወት ማን መጥቶ ያየዋል የሚለው ጥያቄ ነው።

የዚህ ጥያቄ ክብደት በአገራችን ምሳሌ ይበልጥ ይገለጣል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን በ2017 ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ ባንኩ ቡድኑን አፈረሰው። ከዓመታት በኋላ ባንኩ መልሶ አቋቋመው፤ ቡድኑም በ2023 ወደ ላይ አድጎ በ2024 ሻምፒዮን ሆነ። ስኬቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን መሞቱም መነሣቱም የተወሰነው በቢሮ ነው፤ ደጋፊው በሁለቱም ጊዜ ዜናውን ሰማ እንጂ አልተጠየቀም።

ሌፐርድስን ግን በአንድ ደብዳቤ ሊዘጋው የሚችል ባለቤት አልነበረም። ክለቡ የአባላቱ ነው። ያ ብዙ ባለቤትነት ሁሉም አዛዥ እንዲሆንና ጠቡ እንዳይበርድ አድርጎ ለውድቀቱ ምክንያት ሆኗል፤ ያው ብዙ ባለቤትነት ግን በችግሩ ጊዜ ከመፍረስ አዳነው። ደጋፊው የኢሱኩቲ ከበሮውን ይዞ ቡድኑን ወደ ታችኛው ሊግ ተከተለው። ይህ የምዕራብ ኬንያ ጭፈራ በ2014 በዩኔስኮ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያሻቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፤ በስታዲየም ግን ዛሬም ይመታል።

ሌፐርድስ ሁለት ዓመት ታች ቆይቶ በ2009 ተመለሰ። ሻባና ግን 17 ዓመት ጠብቆ በ2023 ነው የተመለሰው። ይህ ልዩነት የሚያስተምረን የሕዝብ ፍቅር ብቻውን ክለብን ከመሞት ሊያድን ቢችልም ለማሳደግ ግን የተስተካከለ አመራር እንደሚያሻ ነው። በ2009 ከሌፐርድስ ጋር ያደገው ሶፋፓካ በመጀመሪያው ዓመቱ የሊጉን ዋንጫ ሲወስድ፣ ነብሩ ገና ራሱን በማቋቋም ላይ ነበር። በ2013 ግን የኬንያን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ አነሣ፤ ያውም የፍጻሜውን ጨዋታ ጎር ማሂያን አሸንፎ።

የጎር ማሂያና የሌፐርድስ ግጥሚያ "ማሼሜጂ" ይባላል፤ አማቾች ማለት ነው። ሉኦና ሉያ ተጋብተዋል፤ ተዋልደዋል። በ2007 እና በ2008 ይህ ግጥሚያ በሊጉ አልተደረገም። ነብሩ ሲወርድ ባላንጣውም የዓመቱን ትልቅ ቀን አጣ።

በናይሮቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያንም ማኅበራት አሉን፤ ዕድርና ዕቁብ፣ የቋንቋ ትምህርት ቤትና የኳስ ቡድን። ብዙዎቹ አንድ ብርቱ ሰው ወይም አንድ ለጋሽ እስካለ ድረስ ይቆማሉ፤ ያ ሰው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ግን ይበተናሉ። ስለዚህ በደኅናው ጊዜ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል። ነገ አዳራሹ ቢወሰድብን፣ ገንዘቡም ቢቋረጥ፣ በሚቀጥለው እሑድ ሜዳ ላይ የሚገኘው ማን ነው?