የዘገየችው ደብዳቤ

የሮሜዎና የዡልየት ነገር በተነሣ ቁጥር ጥፋቱ የሚጣለው በሁለቱ ቤተሰቦች ቂም ላይ ነው። ፍቅራቸውን የከለከለው በእርግጥ ቂሙ ነው። ልጆቹን የገደላቸው ግን መዘግየት ነው ብዬ አምናለሁ። ታሪኩን የተቀባበሉት ደራሲዎችና የፊልም ዳይሬክተሮችም አብዝተው የነካኩት ይህንኑ የሰዓት ነገር ነው።

የጥንቱ ሮማዊ ገጣሚ ኦቪድ የጻፈላቸው ፒራመስና ቲዝቢም ወላጆቻቸው የከለከሏቸው ወጣቶች ነበሩ። በሌሊት ተቀጣጠሩ፤ እሱ ዘግይቶ ደረሰ፤ በደም የተነከረ ሻሿን ሲያይ አንበሳ የበላት መስሎት ራሱን ገደለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ሉዊጂ ዳ ፖርቶ ተመሳሳይ ታሪክ ቬሮና ውስጥ አስቀመጠ። እንግሊዛዊው አርተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1562 በግጥም ሲተርከው ፍቅሩ ወራት ይፈጃል።

ከበደ ሚካኤል በአማርኛ ያቀረቡልን የሼክስፒር ተውኔት ግን ወራቱን ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባሉ ቀናት አጨቃቸው። ብሩክ 16 ዓመት የሰጣት ዡልየትም ገና 14 ያልሞላት ልጅ ሆነች። አባትየው ለሌላ ሰው ሊድራት ለሐሙስ የቆረጠውን ሠርግ ወደ ረቡዕ ሲያመጣው ዡልየት የሞተች የሚያስመስላትን የእንቅልፍ መድኃኒት አንድ ቀን ቀድማ ለመጠጣት ተገደደች። ምስጢሩን ለሮሜዎ የሚገልጸው ደብዳቤም አልደረሰም፤ መልእክተኛው መነኩሴ የገባበት ቤት በወረርሽኝ ተጠርጥሮ በሩ ታሸገበት። ተውኔቱ የተጻፈው የለንደን ቲያትር ቤቶች በወረርሽኝ ተዘግተው ከተከፈቱ ብዙም ሳይቆይ ነው። የታሸገ በር ምን እንደሆነ ለዚያ ተመልካች መንገር አያስፈልግም ነበር።

ፍራንኮ ዜፊሬሊ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ፊልም ወረርሽኙን ትቶ መንገዱን አሳየን። መነኩሴው ደብዳቤውን ይዞ በአህያ ቀስ እያለ ይሄዳል። የሮሜዎ አገልጋይ ባልታዛር ደግሞ የዡልየትን መርዶ ይዞ በፈረስ እየጋለበ ከኋላ ይመጣና ጥሎት ያልፋል። አንዱ ሌላውን አያውቀውም፤ ሐሰቱ እውነቱን ሲቀድመው የምናየው እኛ ብቻ ነን። ከመቃብሩ ልቅሶ ይልቅ ልቤን የሚሰብረው ይህ ነው።

ባዝ ሉርማን እ.ኤ.አ. በ1996 ታሪኩን ወደ ዘመናችን ሲያመጣው አህያዋን በፖስተኛ ተካት። ፖስተኛው መጥቶ ሮሜዎን ስላላገኘው ማስታወቂያ ወረቀት ትቶ ይሄዳል። መቃብሩ ውስጥ ደግሞ ሼክስፒር ያላደረገውን አደረገ፦ ሮሜዎ መርዙን ሊጠጣ ሲል ዡልየት ዓይኗን ትገልጣለች፤ እጇ ጉንጩን የነካው መርዙ ከወረደ በኋላ ነው። ሮሜዎ ሳይሞት እንድትነቃ ማድረግ ከዳ ፖርቶ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1748 ዴቪድ ጋሪክም በለንደን መድረክ ላይ ተጠቅሞበታል። ጋሪክ ግን ረጅም ንግግር ጨመረላቸውና በሐዘናቸው ውስጥ የመሰነባበቻ ጊዜ አገኙ። ሉርማን ያንን ነፍጓቸዋል። ዡልየት የዘገየችው በሰከንዶች ብቻ ነው፤ ከሁሉም ፍጻሜዎች የሚከፋው ይህ ይመስለኛል።

ፊልሞቹን ያያችሁ እንደገና ስታዩዋቸው ሰይፍና መርዙን ብቻ አትጠብቁ። ደብዳቤው የት እንደቀረ ተከታተሉ፤ የሁለቱ ልጆች ሞት የተቆረጠው እዚያ ነው።