የልብ ምት ሲዘገይ ድካሙ ከየት ይመጣል?

ጤናማ አዋቂ ሰው በእረፍት ላይ ሳለ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ከ60 በታች ሲሆን ሐኪሞች ብራዲካርዲያ ይሉታል። ስያሜው ብቻውን በሽታን አያመለክትም። በቆጂ ወይም ኬንያ ኢቴን ውስጥ የሚለማመድ የረዥም ርቀት ሯጭ ልቡ 40 ጊዜ ገደማ ቢመታ፣ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ ነው።

አሳሳቢ የሚሆነው ዝግታው ከድካም፣ ከማዞር፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን ከመሳት ጋር ሲመጣ ነው። ብዙዎች ግን ድካሙን በዕድሜ ወይም በሥራ ብዛት ያመካኛሉ።

መንስኤው ምትን የሚመራው የልብ የኤሌክትሪክ ሥርዓት መዳከም ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ግን ችግሩ ከልብ አይነሳም። ለደም ግፊት የሚታዘዙት አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ምትን ያዘገያሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቋረጣቸው ግን የባሰ አደጋ አለው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲቀዘቅዝም እንዲሁ ነው፤ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀትና የክብደት መጨመር ከታከሉበት የደም ምርመራ ማድረግ ይገባል። ይህኛው በኪኒን ይስተካከላል።

ትርታን ለመለካት ሁለት ጣትን ከአውራ ጣት ግርጌ የእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይበቃል። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) አልፎ አልፎ የሚከሰተውን ዝግታ ሊስት ስለሚችል፣ ለ24 ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ ሊታዘዝ ይችላል።

መንስኤው የማይቀለበስ ሲሆን ፔስሜከር ከቆዳ ሥር ይቀበራል። በ1958 እአአ በስዊድን የመጀመሪያው የተገጠመለት አርነ ላርሰን እስከ 2001 ኖሯል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን የመሣሪያው ዋጋና የባለሙያ እጥረት ብዙ ታካሚዎችን ያስጠብቃል።